ፊትህ አይያዝም

ሰባተኛ ጊዜዬ ነው፣ ስሜ ሳይጠራ ሲቀር፤
እኔና አንድ ውሻ ብቻ ቀረን ከአዳራሹ በር።
ዝርዝሩን ለጥፈውት ነበር ከመስታወቱ ላይ፣
የጅማ ዝናብ ቀድሞኝ ቀለሙን አውርዶት ሳይ፣
ደስ አለኝ ላንድ አፍታ። የሁሉም ስም ፈሰሰ፤
የተመረጠው፣ ያልተመረጠው፣ እኩል ራሰ።
ጸሐፊው ግን ብቅ ብሎ በቃሉ አነበነበው፤
በእኔ ስም ላይ ተራምዶ ማለፉን ማን አሰበው።

በመጀመሪያው ዓመት እንኳ አንድ ቃል ሰጥተውኝ ነበር፤
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አንዱ መምህር፣
«ድምፅህ ሸጋ ነው» አለኝ፣ «አንደበትህም አይታማም፤
ፊትህ ግን፣ ወንድሜ... ፊትህ አይያዝም።»

አይያዝም።
እሱ ፊቴን ባይዘውም፣ እኔ ቃሉን ያዝኩለት፤
እስከ አዌቱ ድልድይ ድረስ በጉንጬ ተሸከምኩለት።
ጎንበስ ብዬ ወንዙን አየሁ፣ ድፍርስ፣ ጥድፊያ ያለበት፣
የላስቲክ ጫማ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የሰው ጥላ የሚያልፍበት።
ፊቴን ሰጠሁት። አልያዘውም። ሰባብሮ አገጬን ጣለው፤
አንዱን ዓይኔን ወደ ቦዬ፣ ለጉማሬዎቹ ላከው።

ሳቅሁ ልበል? አልሳቅሁም። ውሸት ለመድረክ ይብቃ።
ሦስት ቀን ግድግዳ ዞሬ ተኛሁ፣ እንደ ወደቀ ዕቃ።
አክስቴ ነኢማ በሩ ላይ ቆማ «ወባ ነው እንዴ?» አለች፤
«አይደለም» ስላት፣ «እንግዲያ ተነስ!» ብርድ ልብሱን ገፈፈች።

መድረክ አንድ ጊዜ ወጥቻለሁ። አልዋሽም፣ በሬሳ ሚና።
በቃሬዛ አስገቡኝ፣ መሃል ላይ አንጋለሉኝና፣
ዝንብ መጣች። አፍንጫዬ ላይ። ከንፈሬን ዞረች፣ ተመለሰች፤
አልተነፈስኩም፤
ዝንቧ ራሷ ሞቴን አመነች።
እናቴ ከሰቃ መጥታ፣ ሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ፣
«ልጄን!» ብላ ተነሳች፤ ዘበኛው ያዛት ሊያወጣ።
ያን ቀን እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ፊት ይዞት ነበር።

አሁን ባጃጅ እነዳለሁ፣ ከመርካቶ እስከ ኪቶ፤
መስታወቷ ግማሽ ፊት ነው የሚያሳይ፣ መሃሉ ተሰንጥቆ።
በግማሽ ፊት እለማመዳለሁ። ጉድጓዱ ላይ ንጉሥ ነኝ፣
አደባባዩን ስዞር ከሳሽ፣ አጂፕ ስደርስ ሹፌር ነኝ።
ስንቱ «ከራሱ ጋር ያወራል» ብሎ ወረደ በግማሽ መንገድ፤
አንዱ ተማሪ በስልኩ ቀርጾኝ ስቋል። ይሳቅ፣ ይውረድ።

ባለፈው ሐሙስ ግን፣ ገበያው ተበትኖ ዝናቡ ሲያካፋ፣
አንዲት ሴትዮ ተሳፈረች፣ ዶሮዋን በነጠላ አቅፋ።
የከሳሹን ጀምሬያለሁ፣ ለሷ ብዬ አላቆምኩም፤
«መሬቱን ወሰድክ፣ በሬውን ወሰድክ፣ ስሜን ግን አልሰጥህም...»
እዚህ ላይ ቦሳ ደረስን። ፍሬን ያዝኩ። «ወራጅ» አልኩኝ።
አልወረደችም።
ዶሮዋ እንኳ አንገቷን አስግጋ አየችኝ።
«ሰነ ቦዳሆ?» አለችኝ።
ከዚያስ? ሰውዬው ምን አለው? መሬቱን መለሰለት?
አንተ ልጅ፣ ሰው በወሬ መሃል ይጣላል ወይ እንደ ጭነት?

ሞተሩን አጠፋሁ። ዝናቡ ሸራውን እየነረተ፣
ዳኛውንም፣ ከሳሹንም፣ ወንድሙን በክስ መሃል የሞተ፣
ሁሉንም ተናገርኩላት። በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና
አሥር ብር ሰጠችኝ። ታሪፉ አሥራ አምስት ነው። ተውኩና።
«የሞተው ወንድም አለ አላልክም? የሱን ሐሙስ ትነግረኛለህ»
ብላ ጭቃው ውስጥ ገባች።

ልብ በሉ፣ ፊቴን አላየችም።
እስከ መጨረሻው ያየችው ማጅራቴን ነው።
ማጅራቴ ይያዛል ማለት ነው።

ስምንተኛው ፈተና በሚያዝያ ነው አሉ። ልሂድ አልሂድ አላውቅም፤
ወረቀቱ ይረጥባል፣ ጸሐፊው ይዘለኛል፣ ያመኛል፣ አልክድም።
ብቻ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ የወንድምየው ታሪክ ደግሞ አልተጻፈም፤
ድርሰቱ ውስጥ ስም እንኳ የለው። እንዴት እንደሞተ አላውቅም።
ባጃጇን አጥር ሥር አስጠግቼ፣ ባትሪዋ እስኪያልቅ በመብራቷ፣
«ከዚያስ?» እላለሁ ለራሴ
በሴትዮዋ ድምፅ፣ በዚያ ቁጣዋ።